«ቄስ ነህ?» ዘጠኝ ቀን ከሉቤክ እስከ ዊተንበርግ

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የምእመናን አገልጋዮችን ክፍል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሹፌር፣ ልብስ ሰፊ፣ ነርስ፣ ሁለት ጡረተኞችና አንድ ሁሌ የሚያረፍድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናቸው። ሥልጠናውን ሲጨርሱ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የቤት ለቤት ጥናት ይመራሉ፣ ቄስ ባልደረሰበት ሰፈር ወንጌል ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ራሴ ነገረ መለኮትን የተማርኩት በማታ ነው። ሰው ሲያየኝ «ቄስ ነህ?» ይላል። «አይደለሁም» ስል «እ!» ይላል። ያቺ «እ!» ስታሳክከኝ ዓመታት አልፈዋል።

ዘንድሮ የክፍሉን ማስተማሪያ አንተ አሻሽለው ተባልኩ። ለመሥሪያ ቤቴ ስብሰባ ሐምቡርግ ስላክ ከዓመት ፈቃዴ ዘጠኝ ቀን ቀጠልኩበት። ሉተራውያን፣ ማለትም የማርቲን ሉተርን ትምህርት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች፣ ቄስ ያልሆነውን ሰው የት የት፣ እንዴት እንዳሠለጠኑ ቦታው ድረስ ሄጄ ላየው ፈለግሁ። ከዚህ በታች ያለው በየማታው የጻፍኩት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማክሰኞ፣ ሉቤክ

ከሐምቡርግ ሉቤክ በባቡር ሦስት ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። የወር ትኬት ገዝቻለሁ። ፈጣኑ ባቡር ላይ አያሳፍርም፤ ቀርፋፋውን ግን አገር ላገር ያስዞራል። ለእኔ ይሄ በቂ ነው።

ሉቤክ የመጣሁት ለአንድ ሰው ብዬ ነው፣ ለፔተር ሃይሊንግ። የዚህች ከተማ ልጅ ነው። ፓሪስ ሕግ ሲማር ከአገሩ ልጆች ጋር ሆኖ ወደ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ለመሄድ ተማማሉ። እሱ ግብጽ ወርዶ ገዳማት ውስጥ ተቀመጠ። በ1630ዎቹ አጋማሽ ከአዲሱ አቡን ጋር ኢትዮጵያ ገባ። ጊዜውን አስቡት። አጼ ፋሲል ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ካስወጡ ገና ብዙ አልቆየም። ፈረንጅ የተባለ ሁሉ የሚጠረጠርበት ሰዓት ነው። ሃይሊንግ ግን በሕክምናውና በማስተማሩ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተወደደ። የዮሐንስን ወንጌል ወደ አማርኛ መልሷል ይባላል። በመጨረሻ ወደ አገሩ ሲመለስ ቀይ ባሕር ወደብ ላይ፣ ሱዋኪን ተገደለ ይላሉ።

ቄስ አልነበረም። ማንም በሲኖዶስ ወስኖ አልላከውም። ሉተራዊ ሆኖ ኢትዮጵያን የረገጠው የመጀመሪያው ሰው የሕግ ተማሪ ነው!

በማርያም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፈቃደኛ አስጎብኚ ቆመዋል። ስለ ሃይሊንግ ጠየቅኳቸው። አያውቁትም። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም የሰማሁት ካገለገልኩ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ይልቅ ወደ ደቡቡ ግንብ ሥር ወሰዱኝ። በ1942 በቦምብ ድብደባ ሌሊት ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ከማማው የወደቁት ደወሎች እዚያው ናቸው። ተሰነጣጥቀው፣ ወለሉን ሰብረው፣ እንደወደቁ ተትተዋል። ማንም አላነሳቸውም። ብዙ ቆየሁ እዚያ።

ረቡዕ፣ ሐምቡርግ

ራውሄስ ሃውስ በቃሉ ከሄድን «ሻካራው ቤት» ማለት ነው። ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን በ1833 ሲጀምረው የ25 ዓመት ወጣት ነበር። የሐምቡርግን የጎዳና ልጆች ሰብስቦ እንደ ቤተሰብ አሳደጋቸው። የመጀመሪያዋ የሣር ክዳን ጎጆ በጦርነቱ ወድማ እንደገና የተሠራችው ናት። ዛሬ ግቢው ትልቅ ተቋም ሆኗል። ትምህርት ቤት አለው፣ የአረጋውያን ቤት አለው፣ ኮሌጅ አለው።

እኔን የሳበኝ ልጆቹ ብቻ አይደሉም። ልጆቹ ሲበዙ ቪኸርን ለብቻው አልቻለም። ስለዚህ ረዳት መቅጠር ጀመረ፤ አናጢ፣ ጫማ ሰፊ፣ ገበሬ። «ወንድሞች» ይላቸዋል። እያንዳንዱ ወንድም ደርዘን ያህል ልጆች ይዞ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራል። ቀን አብሯቸው ይሠራል፣ ማታ ይማራል። መጽሐፍ ቅዱስ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ የማስተማር ዘዴ። ከዚያ ወደ እስር ቤት፣ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ፣ ባሕር ማዶ ወዳሉ ስደተኞች ይላካሉ። ዲያቆን የሚባለው የጀርመን ሉተራውያን ሙያ ያደገው ከዚህ ነው።

ልብ በሉ፣ ሥልጠናው ከሥራው አልተለየም። እኛ ግን ስድስት ወር ክፍል ውስጥ አስቀምጠን ሰባተኛው ወር ላይ «በሉ እንግዲህ ውጡ» እንላለን። ከዚያ ለምን አይወጡም ብለን እናዝናለን። የእኔን ክፍል ነው የማማው፣ የሌላ አይደለም።

የገና ጾም ሻማ ማብሪያው ክብም የተወለደው እዚህ ነው። ልጆቹ «ገና መቼ ነው?» እያሉ ሲያሰለቹት ቪኸርን በ1839 የአሮጌ ጋሪ ጎማ ወስዶ ሻማ ደረደረበት። ለሥራ ቀን ትንሽ ቀይ፣ ለእሑድ ትልቅ ነጭ። ልጆቹ ቀን መቁጠሩን በዚያው ለመዱ። ጥሩ አስተማሪ ጥያቄ ሲበዛበት አይቆጣም፣ ጎማ ይፈልጋል።

ሐሙስ፣ መንገድ ላይ

ዛሬ የሚጻፍ ብዙ የለም። ባቡሩ ዘገየ። ሴለ ስደርስ የሄርማንስቡርግ አውቶቡስ ሄዷል። ቀጣዩ ከስንት ሰዓት በኋላ ነው። የሴለ የእንጨት ዘቅዛቃ ቤቶች በጣም ያምራሉ፤ ሻንጣ እየጎተቱ ግን ውበት አይታይም። የማርፍባቸው እናት ስልክ ሲደርሳቸው «እዚያው ጠብቀኝ» ብለው በመኪና መጡ። የሰባ ሁለት ዓመት ጡረተኛ ነርስ ናቸው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ያነክሳል።

መኪና ውስጥ ገና ቀበቶዬን ሳላስር፣

«ቄስ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እኔም» አሉና ማርሽ አስገቡ።

እሑድ እሳቸው እንደሚሰብኩ ያወቅሁት ማታ እራት ላይ ነው።

ዓርብ፣ ሄርማንስቡርግ

ሄርማንስቡርግ በቆላ ቁጥቋጦና በጥድ መካከል ያለች ሰፈር ናት። ትንሽ ወንዝ ያቋርጣታል። ከዚህች መንደር ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ መርከብ ይሠራል ብሎ ማን ያስባል?

ሉድቪግ ሐርምስ አሰበ። የዚህች መንደር ቄስ ነው። እሑድ ከሰዓት የመንደሩን ሰው ሰብስቦ በራሱ በገበሬው ዘዬ ተረትና ታሪክ ያወራ ነበር። በ1849 የገበሬ ልጆችን ለወንጌል ተልእኮ የሚያሠለጥን ቤት ከፈተ። ዩኒቨርሲቲ የማያውቃቸው፣ ላቲን ያልቀመሱ ጎረምሶች ናቸው። ወንድሙ ቴዎዶር አስተማራቸው። መማርም ነበር፣ እርሻውና ዎርክሾፑም ነበር። የተማረው ወገን ሳቀበት። ሐርምስ ደግሞ እልኸኛ ነው።

የልቡ ምኞት ኦሮሞዎች ዘንድ መድረስ ነበር። የሚያሳፍራቸው ሲያጣ የራሱን መርከብ አሠራ። በ1853 ጥቅምት ወር ስምንት ሚሲዮናውያንና ስምንት የእጅ ባለሙያዎችና ገበሬዎች ተሳፍረው ተነሡ። የመርከቧ ስም «ካንዳሴ» ነው። አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ይህችን ሴትዮ ያውቃታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለችው የኢትዮጵያ ንግሥት ህንደኬ ናት።

የመርከቧ ሥዕል ፊት ቆሜ ያን ምዕራፍ በስልኬ ከፈትኩ። ጃንደረባው ሠረገላ ላይ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ይደርስበትና «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ይለዋል። ፊልጶስ ማን ነው? ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አይደለም። ሐዋርያት ቃሉን ለማስተማር ሲሉ ለማዕድ አገልግሎት ከመረጧቸው ሰባቱ አንዱ ነው። እንጀራ አከፋፋይ ማለት ነው። የሐርምስ የገበሬ ልጆች ይህን ያውቁት ይሆን?

ካንዳሴ ግን ኦሮሞ ምድር አልደረሰችም። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሞክረው በዛንዚባሩ ሱልጣን ግዛት በኩል መግባት ስለተከለከሉ ወደ ደቡብ ተመልሰው ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ሰፈሩ። የሄርማንስቡርግ ሰዎች ወለጋ፣ አይራ የገቡት በ1928 ነው። ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ! የጀመሩት ሁሉ ሞተው፣ መርከቧም ታሪክ ሆና።

አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናዊ መላክ የብዙዎች ሐሳብ ነበር። ባዝል አጠገብ ያለው የክሪሾና ተቋምም በዚያው ዘመን አንጥረኛና አናጢ ወደ አጼ ቴዎድሮስ ላከ። በሥራቸው እያስተማሩ ወንጌል እንዲያዳርሱ ነበር የታሰበው። ንጉሡ ያዩት ሥራውን ብቻ ነው። ጋፋት ላይ መድፍ አስቀረጿቸው። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ተቀምጧል። «ባለሙያ ምእመን ላኩ» ሲባል ሁሌ የማስበው እሱን መድፍ ነው። ሙያው ራሱ ጌታ ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ

ዛሬ የትም አልሄድኩም። የጉዞው ምርጥ ቀን እሱ ሆነ።

እናታችን ለነገ ስብከት ሲዘጋጁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በዚህ አገር ምእመን ሰባኪ ሁለት ዓይነት እንደሆነ አስረዱኝ። የመጀመሪያው ሌክቶር ይባላል። ሌክቶር የራሱን ስብከት አይጽፍም። የተዘጋጀ ስብከት ይሰጠዋል፣ እሱን ወደ ራሱ አፍ አስማምቶ ያነባል። ሁለተኛው ፕሬዲካንት ነው። እሱ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ የራሱን ጽፎ ይሰብካል። ሥልጠናው በቅዳሜና እሑድ ስብስብ፣ በንባብ፣ ከዚያም በአንድ ቄስ ዓይን ሥር በመለማመድ ነው። ሁሉም ያለ ደመወዝ ነው።

እሳቸው አሁን ፕሬዲካንት ናቸው። ዓመታት ግን በሌክቶርነት አሳልፈዋል። ያንን ዘመን ይናፍቁታል መሰለኝ። የድሮ ስብከት ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። በእርሳስ ተሞነጫጭሯል። ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቦታ ተቆርጧል። አንድ ቃል በክብ ተከቦ ተሰርዟል። ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የነገረ መለኮት ቃል ነው፣ ከላቲን የመጣ፣ ረጅም።

«ይሄን ቃል አፌ አይለውም» አሉ። «አፌ የማይለውን ጎረቤቴ አይሰማውም።»

ከጎኑ ሌላ ነገር ጽፈዋል። አስተረጎምኳቸው። «ሳይገባኝ ሲወደኝ» የሚል ነገር ነው። ጸጋ ለማለት ነው።

አንድ ስብከት ለማንበብ አራት ማታ ይፈጅባቸው ነበር። መጀመሪያ ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። ምላሳቸው የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱን አንቀጽ አንድ ነገር ይጠይቁታል፤ «ይህ ምን ማለት ነው?» መልሱን ለባላቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ አልገባቸውም ማለት ነው። ባላቸው ትራክተር ጠጋኝ ነበሩ፣ አርፈዋል። «እሱ ራሱን ከነቀነቀ እሑድ ሁሉም ይነቀንቃል።»

«ይህ ምን ማለት ነው?» የት እንዳመጡት አውቃለሁ። ትንሹ ካቴኪዝም ነው፣ ሉተር በጥያቄና መልስ የጻፈው የእምነት ማስተማሪያ። አሥርቱ ትእዛዛት አንድ በአንድ ይመጣሉ፣ ከሥራቸው ይህች ጥያቄ። ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከሥሩ ይህች ጥያቄ። አባታችን ሆይ፣ አሁንም ያችው። እኔ በልጅነቴ ጥያቄዋንም መልሷንም እንደ ግጥም አነብንቤ ነው ያለፍኩት። ጥያቄ መሆኗን ያወቅሁት ዛሬ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከቡና በኋላ የሚያሳክከኝን አነሣሁ። የሉተራውያን የእምነት መግለጫ የሆነው የአውግስቡርግ ኑዛዜ አንቀጽ 14 በአግባቡ ያልተጠራ ሰው በቤተ ክርስቲያን በአደባባይ ሊያስተምር ወይም ምስጢራትን ሊያድል አይገባም ይላል። ታዲያ እርስዎ? እኔስ? ሳቁ። ይህን ክርክር እዚህም ብዙ ተከራክረውበታል። በ2006 የጀርመን ሉተራውያን ጳጳሳት አንድ ሰነድ አወጡ። ርእሱም በአግባቡ ስለ መጠራት ነው። ቄሱ በሹመት ይጠራል፣ ምእመን ሰባኪው በተወሰነ ሥራና ቦታ በአደራ ይጠራል፣ ሁለቱም ጥሪ ነው የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ሁሉም በዚህ አልተስማማም። ሁለት ስም ለምን አስፈለገ የሚል አለ። እኔ በበኩሌ አደራ የሚለው ቃል ይመቸኛል። አደራ ከባድ ነገር ነው፣ ቀልድ የለበትም።

እሳቸው ግን ነገሩን በሌላ በኩል ያዙት። «እኔን ማንም ቄስ አልላከኝም። ደብራችን ስድስት ወር ቄስ አጣ። አንዱ መቆም ነበረበት።»

እሑድ

አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ ኦርጋን ተጫዋች፣ አንድ ውሻ በር ላይ። ስብከቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ጀርመንኛ አልገባኝም። ሁለተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ግን ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ።

ሰኞ፣ ወደ ሃለ

አምስት ሰዓት ባቡር፣ ሦስት ጊዜ መቀያየር። ሳንድዊቹን እናታችን ጠቅልለው ሰጥተውኛል። ስንሰነባበት ደግሞ ያንን በእርሳስ የተሞነጫጨረ ወረቀት አጥፈው ኪሴ ከተቱት። አልቀበልም አልኩ። «ቅጂ አለኝ» አሉ። ያላቸው አልመሰለኝም።

መንገድ ላይ ስለ ቪልሄልም ሎኸ አነበብኩ። ኑወንደተልሳው የምትባል የባቫሪያ መንደር ቄስ ነው። አሜሪካ የተሰደዱ ጀርመኖች ያለ እረኛ ቀሩ የሚል ልመና አንብቦ በ1842 ሁለት ሰው ላከ፤ አንዱ ጫማ ሰፊ፣ አንዱ ሸማኔ። በአጭር ጊዜ ራሱ አስተምሮ ነው የሰደዳቸው። ልብ ብሎ ለሚያይ፣ በየቦታው ታሪኩ አንድ ነው። ቄስ ይጠፋል፣ ሰዉ ይጮኻል፣ ጫማ ሰፊ ይነሣል። ዕቅድ አውጥቶ የጀመረ አንድም አላገኘሁም። ችግር ነው ሁሉንም የከፈተው። እኔ ደግሞ ይሄ ማስተማሪያ ገና ዕቅዱ አላለቀም ብዬ ስንት ወር አቆየሁት።

ማክሰኞ፣ ሃለ

አውግስት ሄርማን ፍራንከ በ1695 የምጽዋት ሣጥኑ ውስጥ አራት ታለርና አሥራ ስድስት ግሮሽን አገኘ። ይሄ ደህና ገንዘብ ነው፣ ቁም ነገር ሊሠራበት ይገባል ብሎ የድሆች ትምህርት ቤት ጀመረ። ዛሬ የዚያ ትምህርት ቤት ግቢ ራሱን የቻለ ከተማ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቁጥሩ ደስ አለኝ። በጀት ሳይጸድቅ የተጀመረ!

የዋናው ሕንፃ አናት ላይ ሁለት ንስሮች ወደ ፀሐይ ይበራሉ። ከሥራቸው የኢሳይያስ 40 ቃል ተጽፏል፣ «እንደ ንስር በክንፍ ይወጣሉ» የሚለው። ላይ ጣሪያው ሥር ደግሞ የድንቃድንቅ ክፍል አለ። ከኮርኒሱ አዞ ተንጠልጥሏል። ቁም ሣጥኖቹ በዛጎል፣ በጣዖት፣ ከሩቅ አገር በመጣ ዕቃ ሞልተዋል። የዚያን ዘመን ተማሪ ከሃለ ሳይወጣ ዓለምን ያያት በዚህች ክፍል ነው።

የፍራንከ ብልሃት ምሳው ላይ ነው። ድሃ የነገረ መለኮት ተማሪዎች በነፃ ይበላሉ፣ በምላሹ የድሃ ልጆችን ያስተምራሉ። ተማሪው አስተማሪ ሆኖ ይማራል። እንደ ሐምቡርጉ ቤት ማለት ነው፣ መቶ ዓመት ከምናምን ቀድሞ። በ1710 ደግሞ እዚሁ ግቢ ካንሽታይን የሚባል ባሮን የመጽሐፍ ቅዱስ ማተሚያ አቋቋመ። የተለቀመውን ፊደል ሳያፈርሱ ደጋግመው ስላተሙበት ዋጋው ወረደ። ድሃ መጽሐፍ ቅዱስ ገዛ።

ከሃለ ሰዎች ዚገንባልግና ፕሉቻው በ1706 ሕንድ፣ ትራንከባር ገቡ። እዚያ ለብቻቸው አልሠሩም። የአገሩን ሰዎች ካቴኪስት፣ ማለትም የእምነት ትምህርት አስተማሪ፣ አድርገው አሠለጠኑ። ከካቴኪስቶቹ አንዱ አሮን በ1733 ተሾመ። የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሉተራዊ ቄስ ሆነ። ማለትም በምእመን አገልጋይነት ዓመታት ሠርቶ፣ ሰው አውቆት፣ ከዚያ ነው ሹመቱ የመጣው። እኛ ዘንድ አንዳንዴ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

ረቡዕ፣ ዊተንበርግ

በጠዋት ደረስኩ። ቱሪስቱ ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን በር ይተማል፣ ሉተር ተሐድሶውን የጀመረባቸው 95ቱ አንቀጾች ዘንድ። እኔም ሄድኩ፣ ፎቶ አነሣሁ። በ1848 ቪኸርን ስለ ፍቅር ሥራ ያን ዝነኛ ንግግር ያደረገው እዚያ ውስጥ ነው። ፍቅርም እንደ እምነት ሁሉ የእኔ ነው ብላ ቤተ ክርስቲያን ትናገር ነበር ያለው።

ከዚያ ወደ ከተማው ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ማርያም። ውጭ ግድግዳው ላይ አይሁድን የሚሰድብ የመካከለኛው ዘመን አስቀያሚ ቅርጽ አለ። ከሥሩ መሬት ላይ በ1988 የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተክሏል። ሉተር ራሱ ስለ አይሁድ የጻፈውን የጥላቻ ቃል ለሚያውቅ ሰው እዚያ ቆሞ አንገት ከመድፋት ሌላ ምንም የለም። በክፍላችን ይህን አስተምረን አናውቅም። ማስተማሪያው ውስጥ ይገባል።

ውስጥ የሠዓሊው የክራናኽ መሠዊያ ሥዕል አለ፣ 1547። ከታች ሉተር ይሰብካል፣ ጣቱ የተሰቀለውን ክርስቶስ ያሳያል። በቀኝ የከተማው ቄስ ቡገንሃገን ሁለት ቁልፍ ይዞ ኑዛዜ ይቀበላል። ወደ ግራ ዞርኩና ቀረሁ።

በግራው ሥዕል የሉተር ባልደረባ ሜላንክቶን ሕፃን ያጠምቃል። ሕፃኑ ራቁቱን ነው። ከጎን አንድ ጺማም ሰው ፎጣ ይዞ ይጠብቃል። ሰዉ ዙሪያውን ተሰብስቧል፣ ምንም የተለየ ነገር ያየ አይመስልም። ሜላንክቶን ግን ሹመት አልነበረውም። ዕድሜ ልኩን አስተማሪ ነው፣ የግሪክኛ መምህር። ሉተር በአዋጅ የተወገዘ ስለነበር በ1530 አውግስቡርግ መግባት አልቻለም። ስለዚህ የአውግስቡርግን ኑዛዜ የጻፈው ሜላንክቶን ነው። አንቀጽ 14ም የእሱ ብዕር ናት። በአግባቡ ያልተጠራ አያስተምር ብሎ የጻፈው ሰው ቄስ አልነበረም! ከዚህም አልፎ ሠዓሊው ከጥምቀት ገንዳው አጠገብ አቆመው።

ይህ ሁሉ የተጀመረው በችግር መሆኑን እዚህም አገኘሁት። ሉተርና ባልደረቦቹ በ1528 የሳክሶኒ ደብሮችን ሲጎበኙ ያዩት አስደነገጣቸው። የገጠሩ ሰው ስለ እምነቱ ምንም አያውቅም፤ ብዙ ቄሶችም ማስተማር አይችሉም። በማግስቱ ዓመት ትንሹ ካቴኪዝም ወጣ። ለማን? የቤቱ አባት ለቤተሰቡ እንዲያስተምርበት ተብሎ። የመጀመሪያው የሉተራውያን ማሠልጠኛ የቤት ጠረጴዛ ነው ማለት ነው። ስብከት ማዘጋጀት ለማይችሉት ቄሶች ደግሞ ሉተር የሚነበብ ስብከት ጽፎ ሰጣቸው። የሄርማንስቡርጓ እናት የእርሳስ ወረቀት አያት ይሄ ነው። ከ1537 ጀምሮ የተያዘው የዊተንበርግ የሹመት መዝገብም ውስጥ ቢሆን ጨርቅ ሠሪና ማተሚያ ቤት ሠራተኛ የነበሩ ሰዎች አሉ።

እዚህች ከተማ የአገሬ ሰውም መጥቷል። በ1534 ዲያቆን ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋገረ። ቋንቋው እንዴት እንዳስቸገራቸው ይታየኛል። ሉተር ሲሸኘው የአደራ ደብዳቤ ጻፈለት። በእምነት ነገር እንደተስማሙና በቅዳሴው ሥርዓትም የምሥራቋ ቤተ ክርስቲያን ከእነሱ ጋር እንደምትስማማ ከእሱ እንደተረዱ ይገልጻል። አስቡት፣ ሮም እያወገዘችው ሳለ ከኢትዮጵያ የመጣ ዲያቆን አብሮት ቁጭ ብሎ ይነጋገራል።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጥምቀቱን ሥዕል ለመንደፍ ስታገል አንድ ሽማግሌ ቱሪስት አጠገቤ መጡ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ደብተሬን አዩት፣ መጽሐፍ ቅዱሴን አዩት።

«ቄስ ነህ?»

«አይደለሁም» አልኩና ወደ ሜላንክቶን ጠቆምኩ፣ «እሱም አይደለም።»

ቀና ብለው ሥዕሉን አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው እንደገና አዩት።

ወደ በርሊን በሚሄደው ባቡር ላይ የማስተማሪያዬን ረቂቅ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ገጽ «የነገረ መለኮት ትርጉምና ዘርፎቹ» ይላል። አራት ገጽ ነው። ሰረዝኩት። በቦታው የመጀመሪያውን ትእዛዝ ጻፍኩና ከሥሩ ባዶ መስመር ተውኩ። የመጀመሪያ ሳምንት የቤት ሥራውንም ጻፍኩ፤ አንድ የታመመ ሰው ጠይቃችሁ ኑ።

ስልኬ ጮኸ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ነው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ክፍል አለ?»

«አለ። በሰዓቱ ና።»